ውሃ የተኛበት ማሳ

መርሐቤቴ፣ ጳጉሜን ፪ ቀን ፲፱፻፺፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ የእኅቴ ልጅ፤

ብዕር ያነሣሁት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፤ የእናትህን የሩዝ ማሳ ግድብ ላፍርሰው ወይስ ልተወው? አስቀድሜ ግን ስለ ጤንነትህ እጠይቃለሁ። የፎገራ ወባ እንዳልደፈረህ ተስፋ አለኝ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን።

ክረምቱ ሲገባ የሩዙን ዘር ከፎገራ አምጥተህ፣ ማሳውን በአፈር ገድበህ፣ ውሃ አስተኝተህበት ሄድህ። በኋላም፣ «ውሃው አልፎ አልፎ ይፍሰስ። አፈሩ ሲታፈን አየር የሚሹት ባክቴሪያዎች ያልቃሉ፤ ያለ አየር የሚኖሩት ይነቃሉ፤ አረፋውም ሽታውም የእነርሱ ነው» ብለህ ጻፍህ። አራት ነጥብ ቢጎድለውም የተብራራ ጽሑፍ ነበርና ለእናትህ አነበብሁላት።

አዳመጠችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ታዲያ ከአፈር በታች ያለ አየር የሚኖር አለ?» አለችኝ። አዎን አልኋት። ከዚያ ወዲህ ውሃው እንዲፈስ አትፈቅድም። ታናሽ ወንድምህ ምንተስኖት ባድመ ላይ ከወደቀ ወዲህ ከመርዶው በቀር አስከሬኑ እንኳ አልመጣልንም። በቀትር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እርሷ ግድቡ ላይ ተቀምጣ አረፋው በፈነዳ ቁጥር «ወዬ ልጄ» ትላለች። ከምሳዋም ትጥልለታለች። ሰሞኑን እስከ ጉልበቷ ገብታ መቆም ጀምራለች። እግሯ ቆስሏል። ውጪ ስላት «ስወጣ ዝም ይላል» ትለኛለች።

ሩዙ ቢጫ ሆኗል። ነቅዬ ባየው ሥሩ ጠቁሮ፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጎረቤታችን ወዳጆ፣ «ጋሼ፣ የእኅትዎ ማሳ ያንኮራፋል፤ ሲነቃ ምን ሊያበሉት ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ሣቅሁ።

ትናንት በቀትር፣ እርሷ ሕመም ጥሏት በተኛችበት፣ ግድቡን ላፈርስ ዶማ ይዤ ብቻዬን ወረድሁ። ነፋስ አልነበረም። ከውሃው መካከል አንድ አረፋ ተነሣ፤ ቀጥሎም ሌላ፣ ሌላ፣ ወደ እግሬ እየቀረበ። ልጅ ከእንቅልፉ ሊነቃ ሲል የሚተነፍሰውን ይመስል ነበር። ባክቴሪያ ነው፣ ባክቴሪያ ነው እያልሁ ዶማውን አነሣሁ። ከዚያ የገዛ ድምፄን ሰማሁት፤ «ቆይ፣ እናትህን ልጥራልህ» እያልሁ ነበር።

ዶማውን ይዤ ተመለስሁ።

በሄድህበት ሁሉ የአባቶችህ አምላክ ይጠብቅህ፤ እጅህን ከክፉ፣ ዓይንህን ከእንባ ይሰውርልህ። አፍርሰው ብለህ በእጅህ ከጻፍህልኝ አፈርሰዋለሁ። እስከ መስቀል ዋዜማ በጽሑፍ መልስልኝ፤ ከዚያ በኋላ እናትህ ውሃው ውስጥ ብቻዋን አትቆምም።

አጎትህ