የጠፋችው ዜሮ

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ሮተርዳም ዙይድ

ዛሬ ጋሽ ተስፋይን ምእመኑ ፊት ተቆጣኋቸው። ምን ነካኝ?

የቤተ ክርስቲያናችን የኢንተርኔት ስርጭት ድምፅ አስቸግሮን ነበር። ፓስተሩ ለአፍታ ዝም ሲሉ የኮምፒውተሩ ድምፅ ካርድ ያንቀላፋል፤ ቀጥሎ የሚናገሩትን የመጀመሪያ ቃል ይውጠዋል። ረቡዕ ከማታው አምልኮ በፊት ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ውስጥ ገብቼ፣ የስርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ካርዱን የሚያዝበትን የቅንብር ፋይል ከፈትኩና ዜሮ ጻፍኩበት፤ ‘ፈጽሞ አታንቀላፋ’ ማለት ነው። ወዲያው ተስተካከለ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ዛሬ ድምፁ እንደገና ይቆራረጥ ጀመር። ቭላርዲንገን ከተማ በሕመም ምክንያት ቤታቸው የዋሉ እናት ደውለው፣ “ምኑን ሰምተን አሜን እንበል?” አሉ። አዳራሹን የሚዘጉት ጋሽ ተስፋይ ሁልጊዜ ከአምልኮ በኋላ ሁሉንም ነገር ከሶኬት ይነቅላሉ።

“ጋሼ፣ ማን ንቀሉት አለዎት?” ብዬ ጮህኩባቸው።

ያ ረቡዕ የጻፍኩበት ፋይል እኮ ዲስክ ላይ የለም። ከርነሉ ከራሱ ማህደረ ትውስታ የሚያሳየን ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ የጻፍነውም አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ቋሚ ፋይል ውስጥም መጻፍ ነበረብኝ። መሥሪያ ቤት ለአዲስ ገቢዎች ይህንን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰንፌ ተውኩት።

ጋሽ ተስፋይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ “ይቅርታ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። “ግድ የለም ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ” አልኳቸው።

“እግዚአብሔር ይስጥህ” ብለው አመሰገኑኝ።