መሰላል የሚያስፈልገው ጋን

ይመርዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ደጅ ላይ ደርሷል። አንተን ማነጋገሩን አላቆምኩም። ስፌት ላይ ሆኜም፣ ማታ በር ስዘጋም አወራሃለሁ፤ ጎረቤት ሰምቶ ምን ይለኛል ብዬ አልጨነቅም። ዛሬ ግን ወረቀት ያነሳሁት እንዲሁ በአፍ ብቻ ተነግሮ እንዲያልፍ የማልፈልገው ጉዳይ ስላለኝ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ መጣሁ። ለምን እንደሄድኩ ታውቃለህ፤ ባታውቅም አሁን እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ቤቱ ደህና ነው። «በሚቀጥለው ዓመት» እያልክ ያቆየኸው የጓዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ መደርደር ቀረልኝ። የስፌት መኪናዬን አንተ ትቀመጥበት ወደነበረው መስኮት አዛውሬዋለሁ። ብርሃኑ ለዓይኔ ይሻላል፤ ደግሞም ቦታው ባዶ ሆኖ ማየቱን አልቻልኩበትም። ጓደኛህ ሰይድ ዛሬም የእህል መጋዘኑን ከዘጋ በኋላ ጎራ ይላል። ሬዲዮህን ከፍቶ ትንሽ ያዳምጥና ይሄዳል። ባትሪው ሥራ ፈትቶ እንዳይበላሽ ነው ይላል። ሬዲዮው ከግድግዳው መብራት ላይ እንደተሰካ ሁለታችንም እናያለን፤ ግን አንነጋገርበትም።

አሁን ወደ ጋኑ ልምጣ።

ወጣት ሳለህ ከደጎሎ ስንዴ ከጫነ መኪና ጋር አዲስ አበባ ሄደህ፣ መኪናው ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ ከተማውን በእግርህ ስትዞር ከረምክ። ቴአትር ቤት ገባህ፣ ሙዚየም ገባህ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ የሄድክ አይመስለኝም፤ ዕድሜህን ሙሉ ያወራኸው ያንኑ ነው። ማንም ሳይነካው ለሁለት የሚከፈለውን ቀይ መጋረጃ፣ በመስተዋት ውስጥ የተኛችውን የጥንቷን ሴት አፅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋኑን። ደረጃውን እንደወጡ በስተግራ የቆመ፣ ያለ መሰላል የማይቀዳ ጋን! ሠርግ ቤትም ሆነ የልቅሶ ሦስተኛ ቀን፣ ሰው ትንሽ ሲቀለው፣ ይመር እስቲ ጋኑን አምጣው ይሉሃል። ሴቶቹ ማን ያጥበዋል ብለው ሲያፋጥጡህ፣ አጣቢዋ ውስጡ ገብታ ነው የምትውለው፣ ምሳዋንም በገመድ ያወርዱላታል ትላቸዋለህ። ሰይድ ደግሞ በዚያ ጋን የገብስ ቀሪቦ ቢጠመቅ የመውሊድ ለት የከላላንም የወግዲንም ሰው አጠጥቶ ይተርፋል ይል ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ያንን ጋን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያምን ሰው ግን አልነበረም።

እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ። በሜትር ያልለካሁትን ነገር አላምንም። ሆኖም አንተ ስታወራ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ጋኑ ኖረም አልኖረም ደንታዬ አልነበረም።

ደንታ የሰጠኝ በሙት ዓመትህ ዕለት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት፣ ከመሃል አንዱ ይመር እኮ ጋኑን ይዞት ሄደ አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የፍቅር ሳቅ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። ሰው ተበትኖ ብቻዬን ስቀር ግን ሳቁ ተንጋዶ መጣብኝ። ጋኑ ውሸት ከሆነ የከላላውስ?

የከላላውን ለማንም አልነገርኩም፤ የእኔና የአንተ ነው። አባቴ በገበያ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል፣ አንተ በቅሎ ልትሸጥ መጣህ። ገዢ አግኝተህ፣ ተነጋግራችሁ ጨርሳችሁ፣ ልጓሟን ልታስረክብ ስትል እኔን አየኸኝ። በቅሎዋን ከሸጥኩ በሚቀጥለው ገበያ ምን አመካኝቼ እመጣለሁ ብለህ ገዢውን ጥለህ፣ በቅሎህን ይዘህ ተመለስክ። እንደዚያ ነበር የምትነግረኝ። ይህን ታሪክ ስንት ዓመት እንደለበስኩት አንተ ታውቃለህ። ወንድምህ ግን አንድ ጊዜ፣ ያቺ በቅሎ እኮ ታነክስ ነበር፣ ማን ሊገዛት ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ጆሮ አልሰጠሁትም። ከሙት ዓመትህ በኋላ ግን ያቺ የምታነክስ በቅሎ ቤቴ ገብታ አልወጣ አለች።

ልጃችን ትዕግስት ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ አዲስ አበባ የልብስ ሱቅ እንደከፈተች ሳታይ ነው የሄድከው። እማ ነይና ከተማውን ላሳይሽ እያለች ትወተውተኝ ነበር። መንገዱ እንደምታውቀው አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፈታል። ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ ሲባል በደጎሎ በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። ለትዕግስት አንቺን ለማየት ነው አልኳት። እሱም እውነት ነው።

ከተማዋን ብታያት ይመር! አንተ የነገርከኝን ያቺን ጭቃና ጠባብ መንገድ ፈልጌ አጣኋት። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዳር ዳሩ አበባና ፏፏቴ ሆኗል፤ ሰው በእግሩ እንዲንሸራሸር ብቻ ተብሎ የተነጠፈ ድንጋይ አለ። አያቶችና ልጆች አብረው ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ተቀመጥኩ። ምንም ሳልሠራ፣ መርፌ ሳልይዝ፣ የሰው ልብስ ስፌት እያየሁ ዋልኩ ብልህ ታምነኛለህ?

እሑድ ከሰዓት ትዕግስት ቴአትር ቤት ወሰደችኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ከመጋረጃው ላይ አልነቀልኩም። ቀይ ነው። መብራቱ ሲደበዝዝ ማንም ሳይነካው ለሁለት ተከፈለ። ልቤ ዘለለ። ከየአገሩ ዘፈኑና ጭፈራው በየተራ ቀረበ፤ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፣ የትከሻው፣ የዝላዩ፣ የአንገቱ። የእኛ አገር ተራ ደርሶ ማሲንቆው ሲጀምር፣ የልጆቹ ቀሚስ ወገቡ ላይ ያለ ልክ እንደጠበበ አይቼ ነበር፤ ወዲያው ግን ረሳሁት። እንደዚያ ለስለስ ብለው ሲጫወቱ እንኳን ልኬት ስሜንም ረሳሁ። እልል አልኩ። ትዕግስት መጀመሪያ ሰው ያየናል ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ ቀጥላ እሷም እልል አለች።

በማግስቱ ሙዚየም ሄድን። አንተ ስለ ነገሥታቱና ስለ መኳንንቱ ካባ ለምን እንዳልነገርከኝ አልገባኝም። የወርቅ ክር ጥልፉ በእጅ የተሠራ ነው፤ ጥፍር የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ነው። የኋላውን ለማየት አንገቴን አጣምሜ በመስተዋቱ ጎን አጎነበስኩ፤ የስፌት ሰው ፊቱን አይቶ አይረካም። ያንን የጠለፈው ሰው ስሙ የለም። ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስመው ነበር።

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። ብርሃኑ ለስለስ ያለ ክፍል ነው። ያቺ አንተ ያልካት ሴት አፅሟ ተዘርግቷል፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዙሪያዋ ይቆማል። አጠገቧ ጠባቂዋ ወንበር ላይ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የእኛን አገር ደንብ ታውቃለህ፤ ሬሳ ያለበት ገብቶ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ሳያጽናኑ ማለፍ ነውር ነው። አፌ ቀደመኝ። ጎንበስ ብዬ እግዜር ያጥናሽ አልኳት። ትዕግስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠባቂዋ ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ፣ ልብሷን አስተካክላ፣ እግዜር ይስጥልኝ እናቴ አለችኝ። እውነቴን ነው ይመር፣ እያፈርኩም ደስ አለኝ። ከሞተች ያን ያህል ዘመን ሆኗት ዛሬም ሰው ተሰልፎ የሚጠይቃት ሴት አንድ አጽናኝ ቢመጣላት ምን ይገርማል?

ከዚያ በኋላ ጋኑን ፍለጋ ወጣሁ። ደረጃውን እንደወጡ በስተግራ ብለኸኝ የለ? በስተግራ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ጋን የለም። በስተቀኝም የለም። ክፍል ለክፍል ዞርን፤ ዘውድ አየን፣ ድንጋይ አየን፣ ጋሻ አየን። ትዕግስት እማ ምን ጠፍቶብሽ ነው ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት፤ የከላላውን አይደለም፣ የጋኑን ብቻ። እሷ ሳቀች፣ የአባቴ ጋን ብላ። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሚያስጎበኘውን ወጣት ጠይቃ ስትመለስ፣ የሸክላና የቤት ዕቃዎች ከዓመታት በፊት ከግቢው ጀርባ ወዳለው አዳራሽ እንደተዛወሩ ነገረችኝ። ሊዘጋ ትንሽ ጊዜ ነው የቀረው አለች። እንዴት እንደሄድኩ አልነግርህም፤ ልጅህ ከኋላዬ ቀርታለች።

አለ። ይመርዬ፣ ጋኑ አለ!

ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ በእድሜ የጠቆረ ግሩም ጋን ነው። እንዲህ ያለ ሸክላ ሠርቶ፣ ሳይሰነጠቅ ተኩሶ ማውጣት ምን ዓይነት እጅ ነው? ዙሪያው በገመድ ታጥሯል፤ እኔም የልብስ መለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ፤ እሱን ሳላወልቅ ነበር ቤተ መንግሥት በመሰለ ቤት ስዞር የዋልኩት። ጥበቃው አይነካም አለኝ። አልነካሁትም። ከራሴ ቁመት ጋር በዓይኔ ለካሁት።

ደረቴ ድረስ ነው። እኔ ደግሞ ምን ያህል አጭር እንደሆንኩ ታውቃለህ።

ከመካነ ሰላም ጋኖች ተወዳዳሪ የለውም፤ ግን መሰላል አያስፈልገውም። አንድ ሰው ቆሞ ይቀዳበታል። ውስጡ ገብታ የምትውል አጣቢም የለችም። ቀዘቀዝኩ። ያቺ በቅሎ እያነከሰች ስትመጣ ታየችኝ።

ትዕግስት ነች ትከሻዬን ይዛ ወደ ግድግዳው ያዞረችኝ። ከጋኑ እልፍ ብሎ አንድ መሰላል ቆሟል። ከአንድ ወፍራም ግንድ ላይ እየተጠረበ ደረጃ የወጣለት፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ከፍ ወዳለ ጎተራ መውጫ መሰላል ነው። ብቻውን ነው የቆመው፣ ከጋኑ ጋር ምንም አያገናኘውም። አንተ በነበርክበት ጊዜ አብረው ይሁኑ፣ ይለያዩ አላውቅም። ወደ በሩ ሄጄ፣ አንተ ያኔ ደረጃው አናት ላይ ቆመህ እንዳየኸው አድርጌ ከሩቅ አየኋቸው። ጋኑም አለ። መሰላሉም አለ። አንተ ያደረግከው መሰላሉን አንስተህ ጋኑ ላይ ማስደገፍ ብቻ ነው።

እዚያ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ስትቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። በቅሎዋም ነበረች፣ እኔም ነበርኩ። ምናልባት ታነክስ ነበር፣ ምናልባትም ገዢው ዞር ብሎም አላያትም። በሚቀጥለው ገበያ ግን መጥተሃል። በሚቀጥለውም መጥተሃል፤ አባቴ በመጨረሻ ይኼ ልጅ በቅሎ ነው የሚሸጠው ወይስ የሚያናፍሰው እስኪል ድረስ መጥተሃል። ያንን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን አንተ አስደግፈኸዋል፤ ለእኔ ብለህ ነው ያስደገፍከው፣ እንዲያምርብኝ ብለህ። እወድሃለሁ ይመር። በሕይወትህ ሳለህ እንዲህ ፊት ለፊት ብዬህ አላውቅም፤ የአገራችን ልማድ አይደለም።

የተመለስኩ ዕለት ቤቱ ሞላ። መንገደኛ ሲመጣ ያየውን ሳይናገር አይተኛም አይደል? መጋረጃውን ነገርኳቸው፣ ካባውን ነገርኳቸው፣ ጠባቂዋን ያጽናናሁትን ስነግራቸው ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ። ሰይድ ከሬዲዮው አጠገብ ነበር። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እህስ ጋኑ? አለኝ። የአንተ ቃል በእጄ ላይ ነበር፤ ሜትሬም አንገቴ ላይ ነበር።

ሜትሬን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና፣ ያለ መሰላል አይቀዳም አልኳቸው።

ሰይድ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ ሳቁ ግን ቀደመው። እሺ ማን ያጥበዋል? አለ። እኔም አጣቢዋን ራሴ እንዳየኋት፣ ምሳዋን በገመድ ሲያወርዱላት እንደደረስኩ ነገርኩት። ሽሮ ነበር አልኩ፤ እሱን ከራሴ ጨመርኩበት።

እኔ ሳለቅስ አብሽሪ ትለኝ ነበር። ዛሬ እኔ ልበልህ፤ አብሽር ይመርዬ። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳህም፣ ሰውም እንዲረሳህ አልፈቅድም። መሰላሉን እኔ ይዤልሃለሁ።

የከላላዋ ቁልፍ ተካይ፣
ሚስትህ