ዓይን ቀድሞ፣ እጅ ተከትሎ

ግንቦት 14 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህና ለምፈራህ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ደኅና ነኝ። እማዬ መጠየቋ አይቀርምና፣ እየበላች ነው በላት። ጽሑፌ ደቅቆብህ ከሆነ አትቀየመኝ፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ እነግርሃለሁ። ደሞ ደብዳቤን ምን አመጣው፣ ስልክ ጠፋ ወይ እንዳትለኝ። በስልክ ቁም ነገር ስጀምር «መስመሩ ይቆራረጣል» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ሰኞ ጠዋት የመመረቂያ ፊልሜን አምስት ፈታኞች ፊት አቀርባለሁ። ታውቀዋለህ፣ አንተ ወንበር ስትሠራ የሚያሳየው አኒሜሽን ነው፤ ከጥሬው ጣውላ እስከ መጨረሻው ብርጭቆ ወረቀት። ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ግን ለእያንዳንዱ ሰከንድ አሥራ ሁለት ስዕል በእጄ ስያለሁ። ከፊልሙ ጋር ሃያ ገጽ ጽሑፍም ይቀርባል፦ ምን እንደሠራሁ፣ ለምን እንዲያ እንደሠራሁ፣ የት እንደተሳሳትኩና ከስህተቴ ምን እንደተማርኩ። አሥራ ስምንቱ ገጽ አልቋል። አሥራ ዘጠነኛው ነው አንቆ የያዘኝ።

አማካሪዬን ነግሬህ የለ? «ወይዘሮ ድገሚው» የምንላቸውን። ማክሰኞ ስዕሎቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ አዩዋቸውና፣

«ይህ ሰውዬ መዶሻውን ሲያነሳ ምኑ ነው የሚቀድመው?» አሉኝ።

«እጁ።»

«በመጀመሪያው ዓመት ምን ብዬ አስተማርኩሽ?»

«ዓይን ይቀድማል፣ አንገት ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ነው።»

«ታዲያስ? ሰው ሳያይ እጁን አይዘረጋም። ድገሚው!»

ደሜ ፈላ። የማን ልጅ ነኝና! «ከቪዲዮው ላይ ነው የሳልኩት፤ ከራሴ አንዲት መስመር አልጨመርኩም» አልኳቸው። እሳቸው ደሞ እንዳንተው ናቸው፣ አይከራከሩም። «እንግዲያው ቪዲዮውን ደግመሽ እዪው» ብለው ወጡ።

ላሳፍራቸው ብዬ ወንድሜ ባለፈው ወር በስልኩ ቀርጾ የላከልኝን ቪዲዮ ከፈትኩና በየቅጽበቱ እያቆምኩ አየሁት። መዳፍህ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። መላጊያውን ይነካል፣ ያልፈዋል። መሮውን ይነካል፣ ያልፈዋል። መዶሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዓይንህ ግን በሩ ላይ ነው። ከዚያ የዛሬ ሁለት ዓመት ከቤት ስወጣ እኔ ራሴ የቀረጽኩትን ከፈትኩ። በዚያኛው ዓይንህ ይቀድማል፤ እጅህ ተከትሎት ሄዶ መዶሻውን ላፍ ያደርጋል።

ጣውላህን ሁሉ በእርሳስህ እየሞነጫጨርኩ ሳስቸግርህ «ጫሪዋ» ያልከኝ አንተ ነህ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይሉ የለ? አወጣሁት አባዬ። ዓይንህ አያይም።

ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ያልፈተሽኩት ነገር የለም። ሻይ ስትቀዳ ጣትህን ብርጭቆው ውስጥ ታስገባለህ። በቪዲዮ ስደውልልህ የማየው ጣሪያውን ነው። መጋቢት ላይ አንድ ስዕል ልኬልህ «ፊቴን አሳምረሽዋል፣ ጢሜን እንኳ አልረሳሽም» አልከኝ። ቀልድህ መስሎኝ ስስቅ ዋልኩ፣ እኔ ጅሏ። የላክሁልህ ወንበሩን ብቻ ነበር እኮ! ሰው አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው መጋዙን ነው። ማሽኑን ታስነሳለህ፣ ጣውላውን ትገፋለህ፣ በግራ አውራ ጣትህ ጠርዙን እየዳሰስክ ትከተለዋለህ። ጣትህ መጋዙ ጥርስ ላይ ሊደርስ ስንት ስዕል እንደቀረው ቆጠርኩ። አራት። አራት ስዕል ማለት የሰከንድ ሲሶ ነው። ወንድሜ ከኋላ «ጎበዝ አባዬ!» ይላል፤ ይቀርጻል እንጂ አያይም። እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጮህኩ፤ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ደንግጣ ቀለሟን ደፋች። አሁን ደሞ ለአዳራሽ የታዘዝኩትን ሰባ ወንበር ጀምሬያለሁ ብለኸኛል። ያ ጣት በሰባ ወንበር ስንት ጊዜ ነው እዚያ የሚደርሰው? በሞቴ፣ ቁጠረው።

ትናንት የታዘዝኩትን ማረም ጀምሬ ነበር። አርባ ስምንት ስዕል ነው። ዓይንህን አስቀደምኩ፣ አንገትህን አዞርኩ፣ እጅህን አስከተልኩ። አማረ። እንዲህ ሆኖ ቢቀርብ ሰኞ ምንም የሚለኝ ሰው የለም። ሳጫውተው ግን ያየሁት የዛሬ ሁለት ዓመቱን አንተን ነው፤ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ፊልሙ እንደነበረ ይቀርባል፣ ቢጥሉኝም ይጣሉኝ። ለምን እንዳላረምኩት ግን አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ መጻፍ አለብኝ፤ ያንተን ምሥጢር ደሞ አንተ ሳትሰማው ለማንም አልጽፍም። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ዛሬውኑ ወደ እናንተ ለሚመጣ ሹፌር የምሰጠው። ነገ ይደርስሃል።

ምን እንደምትል አውቃለሁ። «እጄ ያውቀዋል» ትላለህ። አዎ፣ ያውቀዋል። እጅህን ሁለት ሺህ ጊዜ የሳልኩት እኔ ካልመሰከርኩለት ማን ይመስክርለት? ግን መጋዝ ዘመድ አያውቅም፣ ሠላሳ ዓመት አብሮህ ቢኖርም። መፍራትህንም አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። አፈር ስሆንልህ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ። ምናልባት የሚድን ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ባታይም አባቴ ነህ፣ ክንድህን ይዤ አደባባይ ለመሄድ አላፍርም። ዝም ብዬ ጣትህን ካጣህ ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ጽሑፌ። ሆን ብዬ ነው ያደቀቅኩት። በትልልቁ ብጽፍልህ መስኮት ተጠግተህ፣ በቀረችህ ጭላንጭል እንደምንም ብለህ አንብበህ፣ አጣጥፈህ ኪስህ ትከተው ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን «መነጽሬን ወርክሾፕ ረሳሁት» ብለህ ለእማዬ እንደምትሰጣት አውቃለሁ። አታለልኩህ። ተቆጣኝ፣ ከፈለግህም ክረምቱን ሙሉ አታናግረኝ።

እማዬ፣ እስከዚህ ያነበብሽለት አንቺ ነሽ አይደል? አታቁሚ። ተነስቶ ሊወጣ ከሆነ እጁን ያዢው። አትጩሂበት፤ የደበቀሽ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው፣ ሞኝነቱም ከፍቅሩ የመጣ ነው። ጠዋት ከሱ ቀድመሽ ወርክሾፕ ሂጂና የመጋዙን ሶኬት ንቀዪ። የወርክሾፑን ቁልፍ ወንድሜ ይያዘው። ሰባው ወንበር ይቆይ።

አባዬ፣ ከሰኞ በፊት ደውልልኝ። «ጻፊው» ካልከኝ እጽፋለሁ። «ተዪው» ካልከኝ ገጹን ባዶ አድርጌ አስገባለሁ፣ ውጤቱም ይቅርብኝ። መስመሩ ይቆራረጣል እንዳትለኝ ብቻ።

ያሳደጉኝን አሥር ጣቶችህን ፈጣሪ አሥሩንም ያቆይልኝ።

ልጅህ፣
ጫሪዋ

ከስሜ በታች አንድ ስዕል አለ። እማዬ፣ ምን እንደሆነ እንዳትነግሪው። እርሳሱን ጫን ጫን አድርጌ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ነው የሳልኩት። ቀስ ብሎ በአውራ ጣቱ ይዳስሰውና ምን እንዳገኘ ራሱ ደውሎ ይንገረኝ። በዚህኛው ላይ ሰው አለ።