ምስክሩ ሳይቀልም ውጤት የማይፈርሙት የወ/ሮ እልፍነሽ ምልኬሳ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ እልፍነሽ ምልኬሳ ከአባታቸው ከአቶ ምልኬሳ ቱሉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘውድነሽ አየለ በ1957 ዓ.ም. በአቦምሳ ተወለዱ። በአቦምሳና በአዳማ ተምረው በላቦራቶሪ ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ በ1980 ዓ.ም. አዳማ ላይ ሥራ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ከመምህር ዲበኩሉ ሐዲስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኑኃሚንንና ኪሩን ወልደዋል። ልጆቻቸው፣ እማዬ ወጥ እንኳ ሁለቴ ሳትቀምስ አታወጣም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በኋላ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ከጡት ዕጢ የተወሰደ ስስ ቁራጭ ማቅለም ሥራቸው ሆነ። የሚፈለገው ፕሮቲን ካለ ቁራጩ ቡናማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በሽተኛዋ በክኒን የመታከም ተስፋ አላት። እሳቸው ታዲያ ከበሽተኛዋ ናሙና ጎን፣ ፕሮቲኑ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ቁራጭ ያቀልማሉ። ስሙንም «ምስክር» ብለውታል። ምስክሩ በደንብ ካልቀለመ ማንም ቢለምናቸው አይፈርሙም።

በ2011 ዓ.ም. ከቡልቡላ የመጣች ሊዲ የምትባል ወጣት እናት ናሙና ቡናማ ሳይሆን ቀረ። ምስክሩም ፈዘዝ ብሎ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ማቅለሚያው ሞቆ ተበላሽቷል ብለው ጠረጠሩ። ባልደረቦቻቸው ይበቃል አሉ፤ የሊዲ ባልም መጓተቱ አንገብግቦት ጮኸባቸው። ወ/ሮ እልፍነሽ ግን ወይ ፍንክች። «ልጄ፣ ተቆጣኝ፤ በተበላሸ ማቅለሚያ ግን በሚስትህ ላይ አልፈርድም» አሉት። አዲስ ማቅለሚያ መጥቶ ሲሠራ ናሙናው ጥርት ያለ ቡናማ ሆነ። ሊዲ ክኒኗን ጀመረች፤ ዛሬ እዚሁ መካከላችን ናት።

በ2015 ዓ.ም. ሕመሙ በራሳቸው ላይ ተገኘ። የራሴን አልነካም ብለው ናሙናውን ላሠለጠኑት ለጋሮምሳ ሰጡት። ጋሮምሳ አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ናሙናቸው ቡናማ አልሆነም። እኛ ቤተሰቦቻቸው ስህተት ነው፣ ይደገም ብለን ተንጫጫን። እሳቸው የጠየቁት ምስክሩ መቅለሙን ብቻ ነበር። አምሮ መቅለሙን ሲሰሙ፣ «እንግዲያስ ሥራህ ልክ ነው፤ ፈርም» አሉት። ክኒኑ እንደማይረዳቸው ከሁላችንም በላይ ያውቁ ነበር። ልባችን ተሰበረ፤ ኮራንባቸውም።

ሌላውን ሕክምና በጽናት ሲከታተሉ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሶሲን ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም እንደ እሳቸው እውነቱን የሚችል ልብ ይስጠን።