ፀሐይ የሚያየው ግድግዳ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ሳሉስ ለቀቅ አደረገዎት? እትዬ ደህና ናቸው? እሳቸው እያሉ መድኃኒትዎ ሰዓቱ እንደማያልፍ አውቃለሁ። እኔ፣ ጤናዬን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ልቤን ከጠየቁኝ ግን ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣሁትም በእርስዎ ነው። ሰላምታውን አስረዝሜ ቁጣዬን ልሸፍነው ሞክሬ ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው እንደማይወዱ ስለማውቅ ተውኩት።

እትዬ ትናንት ደውለው እርስዎ ያሉትን ነገሩኝ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ብለዋል። እህቴ በሕይወት ብትኖር ታፍርባት ነበርም ብለዋል። የመጀመሪያውን እችለዋለሁ፤ በእናቴ ግን አይምጡብኝ። እሷ ስትሞት አንስተው ያሳደጉኝ፣ ኋላም የአፈር ጥናትን ሙያ ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይህን አልክድም፤ ማንም እንዲያስታውሰኝም አልፈልግም። ግን አጎቴ፣ ያጎረሱኝ እውነቱን እንድናገር ነው ወይስ አፌን እንድዘጋ?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፣ እትዬም አብረው ይስሙት። በስልክ ሳስረዳቸው እሺ እሺ ይሉኝ ነበር እንጂ አልገባቸውም።

ከከተማው በላይ፣ ዛፍ እንኳ ብርዱን ፈርቶ ከሥር በቀረበት ከፍታ ላይ ያለውን የሣር ሜዳ አጥኚ፣ አፈሩንም መድቢ ተብዬ ተላክሁ። ከሜዳው ሥር የኖራ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩን ፈልጠው ሊወስዱ የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። ደንቡ ግልጽ ነው። አፈሩ ወፍራምና ለም ከሆነ ሜዳው አይነካም፤ ታጥቦ ያለቀ ስስ አፈር ከሆነ ግን ለድንጋይ ፈላጮቹ ይሰጣል። ከብቶቻቸውን እዚያ የሚያሰማሩት ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ሜዳ የላቸውም። ስለዚህ ይህ አፈር ምን ተብሎ ይመደብ የሚለው ጥያቄ እንጀራቸው ነው።

ጉድጓዱን ልክ እርስዎ እንዳስተማሩኝ አስቆፈርኩት። አንዱን ግድግዳ ፀሐይ እንዲያየው፣ ከዚያ ግድግዳ በላይ ያለው ሣር በእግር እንዳይረገጥ፣ የሚወጣውም አፈር በሌላው ወገን ብቻ እንዲከመር። ከዚያ ወረድኩ። ከሣሩ ሥር ጀምሮ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጥቁር ነው፤ ውሃ ሲነካው ከሰል ይመስላል። አሸዋው፣ ደለሉና ሸክላው ተመጣጥነው የተደባለቁበት ሎም ነው። በመዳፌ አድቦልብዬ በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተበተነ። የሣሩ ሥር ጠልፎ ይዞታል፤ ትልና ፍልፈል የቆፈሩት መተላለፊያም በጥቁር አፈር ተሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በታች መልኩ ይገረጣል፤ በድሮ የሥር ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ የኖራ ክር ይታያል። አሲድ ጠብ ሳደርግበት ተንተከተከ። ከላይ፣ ጥቁሩ ላይ ግን ጸጥ አለ። ኖራው ታች ነው ያለው፤ ካልሲየሙን የሣሩ ሥር እየሳበ ጥቁሩን አፈር አጥግቦታል። ቤተ ሙከራውም ይህንኑ አለ። እኔም ጥልቅ፣ ጥቁር፣ በካልሲየም የበለጸገ የደጋ ሣር ምድር ሎም ብዬ መደብኩት። እንዲህ ያለ አፈር በአንድ ሰው ዕድሜ ስንቴ ይገኛል?

ከዚያ የእርስዎ ግምገማ መጣ። ቢሮው አንጋፋ ናቸው ብሎ ከጡረታ ጠርቶዎት፣ የእኔኑ ጉድጓድ እንዲመረምሩ ልኮዎት ኖሯል፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ከገጹ ጀምሮ ነጭ፣ ከገጹ ጀምሮ ኖራ፣ ለሙ አፈር ታጥቦ ያለቀ ብለው ጽፈዋል። ሌላ ሜዳ መስሎኝ ካርታውን መልሼ አየሁ።

በማግስቱ ወደ ላይ ወጣሁ። አፈር የሚመረምሩበት ቢላዎ የወጋበትን ቦታ አገኘሁት። አጎቴ፣ የወጉት ክምሩን ነው! ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር! መጨረሻ የተቆፈረው ከታች የመጣው ነጩ ነውና ከክምሩ አናት ላይ ተቀምጧል፤ እርስዎም እሱን የሜዳው ገጽ ነው ብለው ጻፉት። ይህን ስህተት ከእኛ ከተማሪዎችዎ አንዳችን ብንሠራው ኖሮ መዶሻ ወርውረው ያባርሩን ነበር። ክምር ላይ ቆሞ ስለ አፈር የሚጽፍ ሰው፣ ቆሻሻ መጣያ አይቶ የቤቱን ሰዎች ጠባይ የሚያወራ ነው ይሉን አልነበረም?

የክፍሉ ኃላፊ አስጠራኝ። መስኮቱን በካርታ ጥቅል ዘግቶ በቀን አምፖል የሚያበራውን እሱን ያውቁታል። የአጎትሽ ግምገማ ትክክል ነው ብለሽ ፈርሚና እንገላገል አለኝ። አልፈርምም አልኩት። ያሳደጉሽን ሰው ቃል ልታጥፊ ነው ወይ አለኝ። ያሳደጉኝ ያላየሁትን እንዳልፈርም አድርገው ነው አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ መጋዘን ገብተሽ የናሙና ከረጢት ላይ ወረቀት ለጥፊ አለኝ። እለጥፋለሁ አልኩት። ይህን የምጽፍልዎትም ከመጋዘኑ ነው፤ አቧራው ያስነጥሰኛል፣ ጣቴ በሙጫ ተጣብቋል፣ የምቀመጠውም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ነው። እስከ ጡረታዬ እዚሁ ልለጥፍ እችላለሁ። ሐሰት መፈረም ግን አልችልም፤ ይህን ለእሱ ተናግሬያለሁ፤ ለእርስዎም ይኸው ጻፍኩ።

እትዬ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት አፈር ስሆን ታረቁ አሉኝ። እትዬ፣ አደራ አፈር አይሁኑ! አፈር መሆን በዚህ ቢሮ አደገኛ ሆኗል፤ ጥቁርዎን ነጭ ነው ብለው ይመድቡዎታል።

ይቅርታ፣ ቀልዱ ራሴንም አላሳቀኝም። ከትናንት ወዲያ የአርቢዎቹ ተጠሪ መጋዘኑ ድረስ መጣች። ድምፅዋ እንኳን ሜዳ፣ ተራራ የሚሻገር ሴትዮ ናት፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። እናንተ ዘመዳሞች ስትጣሉ የምንነቀለው እኛ ነን ወይ አለችኝ። አፈርኩ። በእርስዎም በራሴም አፈርኩ። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኋት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ።

ግምገማዎን ባነበብኩ ሰሞን፣ ፈርሚ ሳልባል፣ በቢሮው ኮሪደር ፊት ለፊት ተገናኘን። ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ እርስዎ ግን ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ሥራቸውን ያውቃሉና አፍረው ነው አልኩ በልቤ። ደሜ ፈላ። ጋሼ ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ዞሩ፤ ፊትዎ በራ፤ አንቺ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ ብለው እጅዎን ዘረጉ። ትንሽ ወደ ጎን ነበር የዘረጉት፤ እኔ ነኝ የተጠጋሁት። ከዚያ አጥብቀው አቀፉኝ። ያፈረ ሰው እንዲያ አያቅፍም።

የወሰደዎትን ሹፌርም ጠየቅሁት። ደግ ሰው ነው፤ ሊነግረኝ አልፈለገም ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ አልወረዱም፣ ጫፉ ላይ የኔን ክንድ ይዘው ነው የቆሙት አለኝ። የአፈሩ ቀለም የሚነጻጸርበትን መጽሐፍ አቀብለውኝ የትኛውን ይመስላል አሉኝ፣ እኔ ምን አውቄ፣ ነጩን አልኳቸው አለኝ። ደመና ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

የቢሮው ጸሐፊ ይህንን ሰምታ መከረችኝ። ሹፌሩ በምደባው ላይ የሚወስነው ኮሚቴ ፊት ቆሞ ያየውን ይናገር፣ በአንድ ቃል ጉዳይሽ ያልቃል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያልቃል። ግን አይናገርም። እኔም አልናገርም። ሹፌሩንም ጸሐፊዋንም አስምዬያቸዋለሁ። እርስዎን አዋርጄ የማድነው ሜዳ የለኝም፤ ሜዳው ራሱን የሚያድንበት አፈር አለው። ነገር ግን ስለምታዝንልኝ ዝም ትላለች ብለው እንዳይጠብቁ። ለእርስዎ ማዘን አላውቅበትም፤ ያስተማሩኝ መከራከር ነው። በአፈሩ እረታዎታለሁ፤ በሌላ በምንም አልረታዎትም።

ኮሚቴው በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በሜዳው ላይ እንዲሰበሰብ ጠይቄያለሁ። ኃላፊው ተቃወመ፤ የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ግን እግሬን ላፍታታ ብላ ተስማማች። ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ነው። አርቢዎቹ አዲስ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው፤ ክምሩንም አርቄ አስከምሬዋለሁ። ይምጡ። ካልመጡ ብቻዬን ቆሜ እናገራለሁ፤ ድምፄም አይሰበርም፤ የእርስዎ ግምገማ ተሳስቷል የሚለውን ቃል አፌን ሞልቼ እለዋለሁ። ከመጡ ግን እኔ ቀድሜ አልናገርም። ራስዎ ይግለጹት፤ ራስዎ ይመድቡት፤ የጻፉትንም ራስዎ ያርሙት። ስህተት ከራስ አፍ ሲታረም ክብር ነው፤ ከልጅ አፍ ሲታረም ግን ለሁለታችንም ይመራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህ ኮሚቴ ግን እስኪነጋ የሚጠብቅ አይመስለኝም።

ወደ ጉድጓዱ መውረጃ ሰፋ ያለ ደረጃ አስቆርጫለሁ። እጄን ይዘው ይወርዳሉ። ማን ምን ይላል? የእህቱን ልጅ እጅ ይዞ የሚሄድ አጎት ሞልቷል። ታች ስንደርስ እርስዎ ግድግዳውን ይዳስሱ፣ ይሹት፣ አሲዱን ጠብ ያድርጉና ያዳምጡ። ቀለሙን እኔ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ተሳስታለች ካሉ እዚያው በሰው ፊት ይቆጡኝ፤ ቁጣዎ ናፍቆኛል።

ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ። ከቤትዎ ሰላም አይጥፋ፤ እኔንም ምርቃትዎ አይለየኝ።

አልፈርምም ባይዋ የእህትዎ ልጅ

እትዬ፣ እስከዚህ ካነበቡላቸው አይቀር፣ ጉንጫቸውን ሳም ያድርጉልኝ፤ ሐሙስ ጠዋትም የጫማቸውን ክር እርስዎ ይቋጥሩላቸው።