ሆባርት የማያስቅ ፊልም ሠራ

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 1924

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ ከኩፍኙ ዳኑልሽ? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ያው ቀኑን ሙሉ ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል እውላለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ሆባርት ነው። ቀጥሮሽ ከቀረ ወዲህ ስሙን እንዳላነሳብሽ አስምለሽኛል። አሥራ አንድ ዓመት ቻልኩት፣ ዛሬ ግን አቃተኝ።

ያ በፊልም ከመሰላል እየወደቀ አገር የሚያስቀው ሰው «ከእንግዲህ አልወድቅም፣ የቁም ነገር ድራማ አዘጋጃለሁ» ብሎ ተነሳ። አለቆቹ ያበደ መሰላቸው። ካሜራ አንሺውማ «ጌታው፣ ሴትዮዋ ከደረጃው የምትንከባለለው መቼ ነው?» እያለ ሲያሾፍበት ከረመ። ለተዋናይቷ የሐዘን አቀማመጥ ሊያሳያት ቁጭ ሲል ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ያድርግ፣ ገላው ሌላ አያውቅም! ከዚያ ወዲህ በጆሮዋ ብቻ ይነግራት ጀመር። ምን እንደሚላት ለማወቅ እንዴት እንደጓጓሁ!

ፊልሙ እጄ ሲገባ አየሁት። አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ባቡር ጣቢያ የሚያገባትን ሰው ትጠብቃለች። አይመጣም። ባቡሩ ሲሄድ ጓንቷን አውልቃ፣ ለሠርጓ የጋገረችውን ኬክ ፈትታ፣ እንደቆመች ጠርጋ ትበላዋለች። አታለቅስም።

ይህ ያን ቀን አንቺ ያደረግሽው ነው፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሄጄ «ማን ነገረህ?» ብዬ አፋጠጥኩት። «ማንም» አለኝ። «ታዲያ ከየት አመጣኸው?» ስለው፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ «ጓንቷ አረንጓዴ ነበር። ፊልም ቀለም አያወጣም እንጂ» አለኝና ወጣ። እህቴ፣ ያን ጓንት እኮ በዚያው ጠዋት ያዋስኩሽ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ለተመልካች ታየ። ገና የሆባርት ስም ሸራው ላይ ሲወጣ ሰው መሳቅ ጀመረ። ኬኩን ስትፈታም ሳቁ። ልጅቷ ሦስተኛውን ስትጎርስ ግን ፊልሙን የምታጅበው ፒያኖ መቺ ሳትቀር እጇን ከፒያኖው አነሳች፤ አዳራሹ እርጭ አለ። አንዱ ሰውዬ ሲወጣ «ምኑ ያስቃል ይሄ!» እያለ ያማርራል፣ የሚስቱን እጅ ግን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ሆባርት ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ፊልሙ በግንቦት እናንተ ከተማ ይደርሳል። ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ ከትኬት ሻጩ በቀር ሰው አልነበረም ብለሽኛል። ዞር ብለሽ አይተሽ ነበር?

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ደብዳቤውን ግን አታሳዪው። እግዚአብሔር ቤትሽን ከነልጆችሽ ይጠብቅልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ