ማሽኑና የኑርዬ እጅ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእህቴ ለተሻለች፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ሰንብተሻል? ባለቤትሽ ዝናውስ ደህና ነው? ትንሿ እየሩስስ ጥርሷን አበቀለች ወይስ አሁንም በድድ ነው የምትነክሳችሁ? የዱባይ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ያ ወገብሽን ሲነዝርሽ የነበረውስ ተወሽ? እኔ የሐይቃችንን ውኃ የሚያህል ሰላምታ ልኬልሻለሁ፤ መንገድ ላይ ግማሹ ቢፈስ እንኳ የተረፈው ለጎረቤቶችሽም ይበቃል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከብቶቹ ደህና ናቸው። ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ በመጠበቅ ላይ ነን። ባለቤቴ ሕይወትም ደህና ናት፤ ካንተ ጋር እየኖርኩ ደህና መሆኔ ራሱ ተአምር ነው ትላለች።

መቼም ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ እንዳትይኝ። እኔው ነኝ! እኔ ዋለ፣ በገዛ እጄ። በማታው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። መምህራችን ሽታው አንደኛ ነህ ብሎ በአፉ አልተናገረም፤ ግን ሳነብ ዝም ብሎ ሲያየኝ ያስታውቅበታል። በቀደም ውጫሌ ገበያ ስወርድ ባጃጁ ላይ የተለጠፈውን፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን፣ የሱቁን ሁሉ ስም ጮክ ብዬ እያነበብኩ ብሄድ፣ አብሮኝ የተሳፈረ አንድ ጎልማሳ «አባቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይረፉ» አለኝ። ቅናት ነው። እዚህ ገጽ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ያደረግሁት ደግሞ ስህተት እንዳይመስልሽ፤ ብዕሩን ስሞክረው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር አጭር ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ የላክሁልህ የጺም መላጫ ማሽን ይሻላል ወይስ ምላጩ? ማሽኑ ከተስማማህ ለአያ ኑርዬም አንድ ገዝቼ እልክለታለሁ» ነበር ያልሽኝ። እኔም የተማረ ሰው በስልክ አይመልስም፣ በጽሑፍ እመልስልሻለሁ ብዬ ተኩራራሁ። ይኸው ብዕር ይዤ ስቀመጥ መልሱ ጠፋኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። የጎረቤታችን የኑርዬ ልጅ ሉብና እረፍቷን ጨርሳ ከነገ ወዲያ ወደናንተ ስለምትመለስ ደብዳቤውን የምታደርስሽ እሷ ናት። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

ማሽኑን ሉብና ከሻንጣዋ አውጥታ የሰጠችኝ ዕለት መንደሩ ሁሉ አየልኝ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ላነብላቸው ተነሣሁ። አገላብጬ አገላብጬ ባየው አንዲት «ሀ» የለችበትም! ይህን ሁሉ ጽሑፍ ያለ አንዲት «ሀ» እንዴት እንደጨረሱት አልገባኝም። ማሽኑ ደግሞ የሚቀያየር ጭንቅላት አለው፤ ይሄ ለጺም፣ ይሄ ለሪዝ እያለች ሉብና አሳየችኝ። አንዲቷን ቀጭኗን ለምን እንደሆነች ስጠይቃት ፊቷን አዙራ እየሳቀች «ለአፍንጫ ጸጉር ናት ጋሼ» አለችኝ። እስቲ አስቢው፤ አፍንጫዬ ውስጥ ጸጉር መኖሩን ዱባይ ድረስ ማን ነገራቸው?

መብራት የመጣ ቀን ሰክቼ አጠገብኩትና ቅዳሜ ጠዋት መስታወቴን ምሰሶው ላይ ሰቅዬ ቁልፉን ተጫንኩት። ጥዝዝዝ ብሎ እጄ ላይ ተነሣ። ድመቷ ቆጥ ላይ ወጣች። ሕይወት የንብ መንጋ የገባ መስሏት ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ደጅ ሮጠች። ጉንጬን ደህና አድርጌ ወሰድኩት። ችግር የመጣው ከሪዜ ላይ ነው። ቀኙን ስቀንስ ግራው ይበልጣል፣ ግራውን ስቀንስ ቀኙ ይበልጣል፤ እንዲህ ሳመዛዝን ሳመዛዝን ሪዝ የሚባል ነገር አልተረፈኝም። ሕይወት ተመልሳ ስታየኝ «ያገባሁት ሰውዬ የት ሄደ?» አለች። ግን ተሻለች፣ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣኝም። ይቺን ያዥልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የኔና የኑርዬን ነገር መቼም አልረሳሽውም። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ትተሽን እንደሄድሽው ነበርን። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ለጁምዓው እኔ የሱን አናት እላጫለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለእሁድ ቅዳሴ እሱ የኔን ጺም ይላጫል። በሁለታችን አጥር መሐል ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ፣ ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ በጣሳ፣ አንድ ሳሙና፣ አንዲት ምላጭ ለሁለት ተሰብራ ግማሿ ለሱ ግማሿ ለኔ። የጉልምስና ዘመናችንን እሱ ጉሮሮዬን፣ እኔ አናቱን ይዤ ኖርን። በእርሻው ወሰን ተጣልተን አፍ ለአፍ በማንነጋገርበት ክረምት እንኳ ቅዳሜ ሲደርስ ሄጄ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱም ቃል ሳይተነፍስ አገጬን በጣቱ ቀና ያደርገዋል። ላጭቶኝ ሲጨርስ ኩርፊያችንን ከቆመበት እንቀጥላለን።

ባለፈው ነሐሴ ኑርዬ ታሞ ተነሣ። ከተነሣ ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ምላጯ አገጬን ስትሸነትረኝ «አትንቀሳቀስ እንጂ ዋሌ!» ይለኛል። «ዝንብ አርፋብኝ ነው» እለዋለሁ። በሌላው ቅዳሜ «ሳል ይዞኝ ነው» እላለሁ። እህቴ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ የባሰ ዝም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። በቪዲዮ ስትደውዪልኝ አገጬ ላይ ያየሽው ቁስል የዝንብ ሥራ አይደለም። አንቺ ደግሞ አይተሽ አንጀትሽ አልችል አለና ማሽን ላክሽ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሪዜን አጥቼ ጉንጬን አብርቼ ለኑርዬ ላሳየው ወጣሁ። ሲያየኝ ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ ቀልዴንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ድንጋዩ አጠገብ ቆሟል። ውኃውን ቀድቷል፤ ምላጯን ለሁለት ሰብሯል። ቀና ብሎ አየኝና «ማን ላጨህ?» አለኝ። «ራሴ! ይኸው ዳብሰኝ፣ የሕፃን ቂጥ አይመስልም?» አልኩት። አልዳበሰኝም። «ጥሩ ነው» አለና የጣሳውን ውኃ ጎመኑ ላይ ደፍቶ ቤቱ ገባ።

ሐሙስ ለአናቱ አልመጣም። ሐይቅ ከተማ ጸጉር ቤት ሄዶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጁምዓ ሲወጣ ባየው ጸጉሩ በቅሎ ቆቡን ከፍ አድርጎታል። ሚስቱ ራህማ በአጥር ላይ ጠርታ «አንተዋ፣ ወላሂ ምን አደረግኸው? በገዛ ልጄ ሻንጣ ከሥራዬ የሚያባርረኝ መጣ እያለ ምግቡን ይተዋል» አለችኝ። በማታው ትምህርትም ከአንድ ወንበር ነበር የምንቀመጠው፤ ተነሥቶ ሌላ ወንበር ሄደ። በአጠገቡ ሳልፍ ደብተሩን አየሁት። ፊደሎቹ ንፋስ የመታው ውኃ ይመስላሉ። እጁን ደብተሩ ላይ ከደነበት።

ግራ መጋባቴ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ማሽኑን ብተወው አገጬ ማለቁ ነው፤ ብይዘው ኑርዬን ማጣቴ ነው። እውነቱን ልንገረው ብል ምን ብዬ? መረቡን ሐይቅ ላይ የሚጥለው በዚያ እጅ ነው፤ እርፉን የሚይዘው በዚያ እጅ ነው። «እጅህ ከዳህ» ልበለው? ሕይወትን ባማክራት «ጺምህን አሳድገውና ሁለቱንም ተገላገል» አለችኝ። መምህር ሽታውን ብጠይቀው ማሽን ዘመናዊ ነው ብሎ አንድ ሰዓት አስተማረኝ። ራህማ ደግሞ «ትንሽ ብትደማ ምን ትሆናለህ? ወንድ አይደለህ?» አለች። ሁሉም ትክክል መሰሉኝ። ሁሉም ትክክል ሲሆኑ ሰው ወዴት ይሄዳል?

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ኪሴ ከትቼ ሄጄ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትወጣ ጠበቅሁ። ኑርዬ ከቤቱ ብቅ አለና «ምነው፣ መብራት ጠፋብህ?» አለኝ። «መብራትስ አለ። ከአገጬ ሥር ያለው አልታየኝ አለ። ይህ ነገር ሰው ይፈልጋል» አልኩት። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን እኔ ጨመርኩበት። «ይፈልጋል?» አለ። «ሰው ካልያዘልህማ ሪዝህን ነው የሚበላው፤ አታየኝም?» አልኩት። ሪዜ የነበረበትን ቦታ ትክ ብሎ አየና ከንፈሩ ሳቅ ሳቅ አለው። ግን አልሳቀም፤ እጁን ብቻ ዘረጋ።

ቁልፉን ሲነካው «ቢስሚላህ!» ብሎ ሊጥለው ነበር። ከዚያ ማሽኑ እጁ ላይ ጥዝ እያለ ቆየ። ማሽኑ ራሱ ይንቀጠቀጣል እኮ ተሻለች! ኑርዬ እጁን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ እንደገና እጁን አየ። መንቀጥቀጡ የማን እንደሆነ የሚለየው የለም። ጉንጬ ላይ ሲያሳርፈው እኔም መለየት አቃተኝ። በግራ አውራ ጣቱ ቆዳዬን ወጠር አድርጎ፣ እንደ ድሮው «ቀና በል፣ ጉንጭህን ንፋው፣ ዝም በል አንተ ለፍላፊ» እያለ ቀስ ብሎ ላጨኝ። ቶሎ አልጨረሰም። ጸጉር የሌለበትን ሁሉ ደጋገመው። እኔም በቃህ አላልኩትም።

ጨርሶ ማሽኑን አጠፋው። «ዋሌ» አለኝ። «አቤት» አልኩት። «አንተ እኮ ያኔ አልተንቀሳቀስክም ነበር» አለኝ።

እኔ ወደ ሐይቁ ዞሬ ታንኳ የማይ መሰልኩ። ታንኳም አልነበረም። «ዝንቧ ግን እውነት ነበረች» አልኩት። «ውሸታም!» አለኝና ቆቡን አውልቆ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «በል ምላጭህን አምጣ። ያንን ጥዝዝ የሚል ነገር አናቴ ላይ ብታደርሰው አልምርህም» አለኝ። ሐሙስ ባይሆንም ላጨሁት። የሁለት ሐሙስ ጸጉር ነበር፤ ምላጯ ደነዘች፣ ግማሿን የሱን ጨመርኩ።

ታዲያ ግራ መጋባትህ አለቀ ወይ ብትይኝ ባሰብኝ እንጂ! አሁን ኑርዬ የማሽን አዋቂ ሆኖልሻል። ላገኘው ሁሉ ማሽን ማለት ይህ ነው፣ ምላጭ ጊዜው አልፎበታል እያለ ይሰብካል፤ ራሱ ግን ከምላጭ በቀር አናቱን አያስነካም። እኔ ደግሞ ባለማሽኑ ምላጭን አወድሳለሁ፤ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ሥር ሥሩን ይተወዋል፣ በማግስቱ አንገቴን ይበላኛል። በዚህ ስንከራከር ሕይወትና ራህማ ይስቁብናል። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ላልሽው መልሴ አላውቅም ነው። ይህንን ያህል ወረቀት ፈጅቶ አላውቅም ማለት የተማረ ሰው ሥራ ነው።

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለኑርዬ ሁለተኛ ማሽን እንዳትልኪ። ሁለት ከሆነ እሱ በቤቱ መስታወት ፊት፣ እኔ በቤቴ መስታወት ፊት ጥዝዝ ስንል እንውላለን፤ ድንጋዩ ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል። ገንዘቡን ለእየሩስ ጫማ ግዢበት።

ዝናውን በጣም ሰላም በይልኝ። የሱን ማሽን ማን ነው የሚይዝለት? አንዳንድ ቀን አንቺ ያዥለት። እየሩስን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ እኔ ብስማት የማሽኑ ትራፊ ይወጋት ነበር። ሕይወት ናፍቆቷ ከቃል በላይ ነው፣ በርበሬሽን በሉብና ልካልሻለች። ራህማ «በይ ነይና እንይሽ፣ በስልክ ብቻ አይሆንም» ብላለች። መምህር ሽታው ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላሳየሁትም፣ ቀይ ብዕር ይወዳል። ኑርዬ አጠገቤ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። «አላህ ይጠብቅሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ በላት። ለማሽኑም አታስቢ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ በላት» እያለ ነው።

ወንድምሽ ዋለ፣ በገዛ እጁ
ሐይቅ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.